የኮምፒውተር ማሻሻያ መንገድ ላይ ሲቀር፦ «ፎርማት» ከማስደረግ በፊት ሊታወቁ የሚገቡ ጉዳዮች

አዲስ አበባ፦ ኅዳር 2018 ዓ.ም

ከአራዳ ጊዮርጊስ እስከ ፒያሳ ባለው አካባቢ የጽሕፈት ሥራ ረጅም ዕድሜ አለው። በዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ ዙሪያ የሚመላለሰው ባለጉዳይ ለፍርድ ቤትም ሆነ ለማዘጋጃ ቤት የሚያቀርበውን ማመልከቻ ቀድሞ በእጅ፣ ኋላም በጽሕፈት መኪና ያስጽፍ ነበር። ዛሬ ይኸው ሥራ የሚከናወነው በኮምፒውተር ነው። ሱቅ ውስጥ ያልተጠናቀቀው ሥራም ማታ በቤት ኮምፒውተር ይቀጥላል።

እንዲህ ያለውን ሁኔታ ያስቡ። ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት ችሎት የሚቀርብ የመከላከያ መልስ ተጽፎ አልቋል፤ የቀረው ማተም ብቻ ነው። ጸሐፊው ሊተኛ ሲል ኮምፒውተሩ ማሻሻያ መጫን እንዳለበት ያሳስበዋል፤ እርሱም ፈቅዶ ይተኛል። ሌሊት መብራት ይጠፋል። ንጋት ላይ ኮምፒውተሩን ሲከፍተው የለመደው ገጽ የለም፤ ሰማያዊ ማያ ገጽ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ መልእክትና ቁጥር ብቻ ይታያል። ሰዓቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ነው።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚወስደው እርምጃ ተመሳሳይ ነው፤ ማሽኑን ተሸክሞ ያገኘው ጥገና ቤት ይገባና «ፎርማት አድርግልኝ» ይላል። ማሽኑ በእርግጥ ይሠራል፤ የመከላከያ መልሱ ግን አይገኝም። የሚያሳዝነው፣ በአብዛኛው እንዲህ ባለ አጋጣሚ ሰነዱ ከመፎርመቱ በፊት በሃርድ ዲስኩ ላይ ሳይነካ ተቀምጦ የነበረ መሆኑ ነው። ሰነዱን ያጠፋው የከሸፈው ማሻሻያ ሳይሆን ከዚያ በኋላ የተወሰደው የችኮላ እርምጃ ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው፤ ልዩነቱ፣ የተፎርመተ ሰነድ ሁልጊዜ የማይለቀም መሆኑ ነው።

ይህ ጽሑፍ የቤት ኮምፒውተር ስርዓተ ክወና (ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ማሻሻያ ሲከሽፍ ምን እንደሚፈጠር፣ ችግሩ ከምን እንደሚመነጭና በምን ቅደም ተከተል መፈተሽ እንዳለበት ያብራራል።

ጉዳዩ አሁን ለምን አንገብጋቢ ሆነ?

ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 10ን ለተጠቃሚ ያቀረበው ሐምሌ 22 ቀን 2007 ዓ.ም ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም፣ ለዚህ ስርዓት ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ አብቅቷል። ይህ ማለት ዊንዶውስ 10 የተጫነባቸው ኮምፒውተሮች መሥራት ያቆማሉ ማለት አይደለም። አዲስ የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ ግን በመደበኛው መንገድ በነጻ የሚላክላቸው መጠገኛ አይኖርም። በዚህም ምክንያት በርካታ ሰው ወደ ዊንዶውስ 11 ለመሸጋገር እየሞከረ ነው።

ዊንዶውስ 11 ግን ከቀደሙት ይልቅ መራጭ ነው። ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት የማከማቻ ቦታ፣ «ሴኪውር ቡት» የተባለውን የማስነሻ ጥበቃ የሚደግፍ ማዘርቦርድ እንዲሁም «ቲፒኤም 2.0» የተባለ የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል። ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በጥቅሉ ሲታይ ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉትን ይቀበላል። በአገራችን ቤቶች ውስጥ ካሉት ማሽኖች ብዙዎቹ ደግሞ ውጭ አገር ካገለገሉ በኋላ የገቡ ያገለገሉ ዴስክቶፖችና ላፕቶፖች በመሆናቸው፣ ይህን መስፈርት የማያሟሉ ጥቂት አይደሉም።

የራስን ኮምፒውተር ትውልድ ማወቅ ቀላል ነው። የፕሮሰሰሩ ስም «ኮር አይ 5 6500» ከሆነ የአራት አሃዙ ቁጥር መነሻ 6 ስለሆነ ስድስተኛ ትውልድ ነው፤ «ኮር አይ 5 8250» ከሆነ ስምንተኛ ነው። ቁጥሩ አምስት አሃዝ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ይታያሉ፤ ለምሳሌ 10400 አሥረኛ ትውልድ ነው። ማይክሮሶፍት ያዘጋጀው «ፒሲ ኸልዝ ቼክ» የተባለው ነጻ መተግበሪያም ማሽኑ ብቁ መሆን አለመሆኑን፣ ብቁ ካልሆነም የጎደለውን ለይቶ ይናገራል። ማሻሻያውን ከመጀመር በፊት ይህን ማረጋገጥ ብዙ ድካም ያስቀራል።

ማሻሻያ ሲካሄድ በውስጥ ምን ይፈጠራል?

ችግሩ የት ላይ እንደደረሰ ለማወቅ ሂደቱን መረዳት ይጠቅማል። የዊንዶውስ ማሻሻያ አራት ምዕራፎች አሉት። በመጀመሪያው ምዕራፍ ኮምፒውተሩ እንደ ወትሮው እየሠራ አዲሱ ስርዓት ይወርዳል፣ የማሽኑ ብቃትም ይፈተሻል። በሁለተኛው ማሽኑ ጠፍቶ ይነሳና አዲሱ ስርዓት መዘርጋት ይጀምራል። በሦስተኛው አዲሱ ስርዓት ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሥቶ የማሽኑን ዕቃዎች ማለትም ስክሪኑን፣ ድምፁን፣ ዋይፋዩን ከየማሠሪያ ፕሮግራሞቻቸው (ድራይቨር) ጋር ያገናኛል። በአራተኛው የተጠቃሚው ፋይሎችና ምርጫዎች ወደ አዲሱ ስርዓት ይዛወራሉ።

በዚህ ሁሉ መካከል አሮጌው ስርዓት ወዲያው አይጠፋም፤ «ዊንዶውስ ዶት ኦልድ» በሚባል ማኅደር ውስጥ ይቀመጣል። ከአራቱ ምዕራፎች በአንዱ ችግር ከተፈጠረ ኮምፒውተሩ ራሱ ወደ አሮጌው ስርዓት ለመመለስ ይሞክራል። ማሻሻያው ከተሳካ በኋላም ቢሆን ተጠቃሚው ካልወደደው በ10 ቀናት ውስጥ በቅንብሮች (ሴቲንግስ) ውስጥ «ሪከቨሪ» ከሚለው ክፍል «ጎ ባክ» የሚለውን በመምረጥ መመለስ ይችላል። ከ10 ቀናት በኋላ ግን ያ ማኅደር ይሰረዛል። ስለዚህ ቦታ ለማስለቀቅ ብሎ ይህን ማኅደር ቀድሞ መሰረዝ የመመለሻ ድልድይን ማፍረስ ነው።

የመጀመሪያው ሕግ፦ አይቸኩሉ

ማያ ገጹ ላይ የሚታየው መቶኛ ለረጅም ጊዜ በአንድ ቁጥር ላይ መቆሙ ብቻውን የመክሸፍ ምልክት አይደለም። አሮጌ ሃርድ ዲስክ ያላቸው ማሽኖች በተለይ ሰዓታት ሊወስዱ ይችላሉ። የዲስኩ መብራት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ሥራው እየተካሄደ ነው ማለት ነውና መታገሥ ይገባል። መብራቱ ሙሉ በሙሉ ከቆመና ለሦስት ሰዓት ያህል ምንም ለውጥ ካልታየ ግን ወደሚቀጥለው እርምጃ መሄድ ይቻላል።

ያም የሚከተለው ነው። ከዋናው መሣሪያ ውጭ የተሰካውን ሁሉ ማለትም ፍላሽ፣ ፕሪንተር፣ ውጫዊ ሃርድ ዲስክና የስልክ ገመድ ይንቀሉ፤ የቁልፍ ሰሌዳ፣ ማውዝና ስክሪን ብቻ ይቅሩ። የማብሪያውን ቁልፍ 10 ሰከንድ ያህል ተጭነው በመያዝ ማሽኑን ያጥፉ፤ ጥቂት ቆይተውም ያብሩት። ኮምፒውተሩ ተረስቶ ከተሰካ ፍላሽ ለመነሳት እየሞከረ የቆመበት፣ ወይም በአንድ ፕሪንተር ድራይቨር የታነቀበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም። ብዙ ጊዜ በዚህ ብቻ ማሽኑ ተነሥቶ «ለውጦቹን እየመለስኩ ነው» የሚል መልእክት ያሳያል። በዚህ መካከል እንደገና ማጥፋት አይገባም።

ካልተነሣም ዊንዶውስ ሌላ በር አለው። በተከታታይ ሁለት ሦስት ጊዜ መነሳት ሲያቅተው የጥገና ገጹን ራሱ ይከፍታል። በዚያም «ትራብልሹት» ከሚለው ሥር «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ በርካታ ምርጫዎች ይገኛሉ። ቅደም ተከተላቸው ጉዳት ከማያስከትለው ወደ ከባዱ ቢሆን ይመረጣል። በመጀመሪያ «ስታርትአፕ ሪፔር»፣ ይህም የማስነሻ ፋይሎችን ይጠግናል። ቀጥሎ «አንኢንስቶል አፕዴትስ»፣ ይህም የመጨረሻውን ማሻሻያ ያነሳል። ቀጥሎ «ሲስተም ሪስቶር»፣ ይህም ስርዓቱን ቀድሞ ወደ ነበረበት ቀን ይመልሳል እንጂ ሰነዶችን አይነካም። «ሪሴት» የሚለው ግን በመጨረሻ የሚነካ ነው። እርሱም ቢሆን ሁለት መልክ አለው፤ አንዱ የግል ፋይሎችን አስቀርቶ ስርዓቱን ያድሳል፣ ሌላው ሁሉንም ያጠፋል። የጽሑፉን ትርጉም ሳያረጋግጡ መጫን አያስፈልግም።

ዴስክቶፑ ባዶ ሆኖ ቢገኝስ?

አንዳንድ ጊዜ ማሽኑ ይነሳል፤ ነገር ግን ዴስክቶፑ ባዶ ነው፣ ሰነዶቹም ፎቶዎቹም አይታዩም። ይህ ሲያዩት ያስደነግጣል። በብዙ አጋጣሚ ግን ፋይሎቹ አልጠፉም፤ ዊንዶውስ የተጠቃሚውን ማኅደር መክፈት አቅቶት በጊዜያዊ ማኅደር አስገብቶ ነው። በዚህ ሁኔታ አዲስ ሰነድ መጻፍ አይገባም፤ ሲወጡ ሊጠፋ ይችላልና። ኮምፒውተሩን እንደገና አስነሥተው ይሞክሩ፤ ካልሆነም በ«ሲ» ድራይቭ ውስጥ «ዩዘርስ» የሚለውን ማኅደር ከፍተው በስምዎ ያለውን ይፈልጉ። ፋይሎቹ በ«ዊንዶውስ ዶት ኦልድ» ውስጥ ወይም በ«ዋንድራይቭ» ማኅደር ሥር ሊገኙም ይችላሉ።

ይሁንና ማሻሻያ ራሱ ፋይል ያጠፋበት ጊዜ የለም ማለት አይደለም። ማይክሮሶፍት መስከረም 22 ቀን 2011 ዓ.ም ያወጣው የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ በአንዳንድ ተጠቃሚዎች ኮምፒውተር ላይ ሰነዶችና ፎቶዎችን በመሰረዙ ኩባንያው በቀናት ውስጥ ሥርጭቱን አቋርጧል። ስሕተቱን አርሞ ዳግም ያወጣው ኅዳር 4 ቀን 2011 ዓ.ም ነበር። ትልቅ ኩባንያም እንደሚሳሳት ይህ በቂ ማስረጃ ነው፤ ቅጂ የማስቀመጥ ልማድም ዋጋው የሚታወቀው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

ቁጥሮቹ ምን ይናገራሉ?

ማሻሻያ ሲከሽፍ በማያ ገጹ ላይ በ«0ኤክስ» የሚጀምር የስሕተት ቁጥር ይታያል። ብዙዎች ሳያነቡት ያልፉታል፤ ለመርማሪ ግን የመጀመሪያው ፍንጭ እርሱ ነውና በስልክ ፎቶ ማንሳት ይገባል። ዘወትር የሚያጋጥሙት ጥቂቶች ናቸው።

0ኤክስ80070070፦ በዲስኩ ላይ በቂ ቦታ የለም። ቆሻሻ ፋይሎችን ማጽዳት፣ ቪዲዮዎችን ወደ ውጫዊ ዲስክ ማዛወርና እንደገና መሞከር ይበቃል።

0ኤክስሲ1900101፦ በአብዛኛው የድራይቨር ችግር ነው። ተጨማሪ ዕቃዎችን መንቀል፣ የስክሪንና የኔትወርክ ድራይቨሮችን ከማሽኑ አምራች ድረ ገጽ ማደስ፣ ከውጭ የተጫነ ጸረ ቫይረስ ካለም ለጊዜው ማራገፍ ይመከራል።

0ኤክስሲ1900208፦ ከአዲሱ ስርዓት ጋር የማይስማማ ፕሮግራም ተጭኗል።

0ኤክስሲ1900200፦ ማሽኑ ዝቅተኛውን መስፈርት አያሟላም። ይህ በጥገና የሚፈታ ሳይሆን ሌላ ውሳኔ የሚጠይቅ ነው።

0ኤክስሲ1900107፦ ከቀደመው ሙከራ የቀረ ያልጸዳ ሥራ አለ። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ በማስነሳት እንደገና መሞከር ነው።

የማይስማማ ፕሮግራም ሲባል በእኛ አገር ልዩ ትኩረት የሚሹ አሉ። በብዙ ሒሳብ ሠራተኞች ኮምፒውተር ላይ ያለው «ፒችትሪ» የቆየ እትም ነው፤ ሒሳቡን የሚያስቀምጠው ከበስተጀርባ በሚሠራ ሌላ የመረጃ ቋት ፕሮግራም ነው። ስርዓቱ ሲቀየር ይህ ከተቋረጠ ፒችትሪው ቢከፈት እንኳ የድርጅቱን መዝገብ ላያገኝ ይችላል። ስለዚህ ከማሻሻያው በፊት ከራሱ ከፒችትሪው የመጠባበቂያ ቅጂ ማውጣት፣ የመጫኛውን ፋይልና የምዝገባ ቁጥሩንም ማግኘት እንደሚቻል ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በሒሳብ መዝጊያ ወቅት ማሻሻያ ባይጀመር ይመረጣል።

በአሮጌ ማሽኖች ላይ የሚያጋጥሙ ሁለት ወጥመዶች

የመጀመሪያው የማስነሻ ሥርዓት ለውጥ ነው። በርካታ አሮጌ ማሽኖች ላይ ዊንዶውስ የተጫነው «ሌጋሲ» በሚባለው የቀድሞ ስልት ነው። ዊንዶውስ 11 «ሴኪውር ቡት» ስለሚፈልግ አንዳንዶች ባዮስ ውስጥ ገብተው ወደ «ዩኢኤፍአይ» ይቀይሩታል። ወዲያውም ኮምፒውተሩ የሚነሳበት ዲስክ እንዳላገኘ ይናገራል። ዲስኩ ግን አልሞተም፤ አከፋፈሉ ከአዲሱ ስልት ጋር አልተስማማም እንጂ። ባዮሱን ወደ ነበረበት መመለስ ማሽኑን ያስነሳዋል። በትክክለኛው መንገድ ለመሸጋገር በዊንዶውስ 10 ውስጥ ዲስኩን ሳያጠፋ የሚለውጥ «ኤምቢአር ቱ ጂፒቲ» የተባለ መሣሪያ አለ፤ ነገር ግን ቅጂ ሳይያዝ ባይሞከር ይሻላል።

ሁለተኛው የማዘርቦርዱ ባትሪ ነው። ሳንቲም የምትመስለው ይህች ባትሪ ስትደክም ኮምፒውተሩ ከኤሌክትሪክ በተነቀለ ቁጥር ቀኑንና የባዮስ ቅንብሩን ይረሳል። ቀኑ ከተሳሳተ ከማሻሻያ አገልጋዮች ጋር የሚደረገው ግንኙነት ሊከሽፍ ይችላል፤ ቅንብሩ ከተመለሰም ማሽኑ ላይነሳ ይችላል። መብራት ከጠፋ በኋላ ሁልጊዜ ሰዓቱን የሚያዛባ ዴስክቶፕ ካለዎት ከሁሉ በፊት ይህችን ባትሪ ያስቀይሩ።

በዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ መጨመር ያስፈልጋል። ዲስኩ «ቢትሎከር» በተባለው መቆለፊያ የተመሰጠረ ከሆነ በባዮስ ውስጥ የሚደረግ ለውጥ ባለ 48 አሃዝ የመክፈቻ ቁጥር ሊያስጠይቅ ይችላል። ይህ ቁጥር በአብዛኛው ባለቤቱ ሲመዘገብ በተጠቀመበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። ቁጥሩ ከሌለ ግን ባለሙያም ሊከፍተው አይችልም። ስለዚህ አስቀድሞ በወረቀት ጽፎ ማስቀመጥ ይገባል። አካውንቱ በሌላ ሰው ኢሜይል የተከፈተ ከሆነም ከወዲሁ ወደ ራስ ማዞር ብልህነት ነው።

ሰነዱን ማዳን ይቅደም

ማሽኑ በምንም መንገድ አልነሳ ካለ የሚቀድመው ስርዓቱን መጠገን ሳይሆን ሰነዱን ማውጣት ነው። ለዚህ ሁለት መንገድ አለ።

አንደኛው፣ በሌላ ኮምፒውተር ላይ እንደ ኡቡንቱ ያለ ነጻ የሊኑክስ ስርዓት በ8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ማዘጋጀትና የታመመውን ማሽን በእርሱ ማስነሳት ነው። መጫን አያስፈልግም፤ «ሳይጭኑ ይሞክሩ» የሚለው ምርጫ ይበቃል። በዚህ ሁኔታ የዊንዶውሱን ዲስክ ከፍቶ ሰነዶችን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ይቻላል። ዊንዶውሱ በትክክል ሳይዘጋ የቀረ ከሆነ ዲስኩ ለማንበብ ብቻ ሊከፈት ይችላል፤ ለመገልበጥ ይህ በቂ ነው።

ሁለተኛው፣ ሃርድ ዲስኩን ፈትቶ በውጫዊ መያዣ ውስጥ በማስገባት በሌላ ኮምፒውተር ላይ መክፈት ነው። ሃርድ ዲስኩ እየተንቋቋ ከሆነ ግን ማብራት ማጥፋቱን ማቆምና ለመረጃ ማዳን ባለሙያ መስጠት ያስፈልጋል። በተጎዳ ዲስክ ላይ የሚደረግ እያንዳንዱ ሙከራ ጉዳቱን ሊያባብስ ይችላልና።

በመነሻችን ላይ ያነሳነው ጸሐፊ ይህን ቢያውቅ ኖሮ፣ የመከላከያ መልሱን ከሦስት ሰዓት በፊት በአንድ ፍላሽ አውጥቶ በአቅራቢያው ባለ የጽሕፈት ቤት ማሳተም ይችል ነበር። ማሽኑ ከሰዓት በኋላ ይጠገናል፤ የችሎት ቀጠሮ ግን አይጠብቅም።

ከጠጋኙ ጋር ምን ይነጋገሩ?

ጥገና ቤት መሄድ የግድ ከሆነ አንድ የተለመደ ንግግር በጥንቃቄ መሰማት አለበት፤ «ዲ ላይ ያለው አይነካም፣ የሚፎርመተው ሲ ብቻ ነው» የሚለው። ንግግሩ እውነት ነው። ችግሩ፣ ዴስክቶፕ ላይ የተቀመጠው፣ «ዶክዩመንትስ» ውስጥ ያለው፣ ከኢንተርኔት የወረደውና አብዛኛው ፎቶ በተለመደው አሠራር የሚገኘው «ሲ» ላይ መሆኑ ነው። ተጠቃሚው ዴስክቶፕ ላይ ያለው ሰነድ በ«ሲ» ውስጥ መሆኑን አያውቅም፤ ጠጋኙም አይጠይቀውም። በዚህ መካከል የዓመታት ሥራ ይጠፋል።

ስለዚህ ማሽኑን ከመስጠትዎ በፊት ሦስት ነገሮችን በግልጽ ይናገሩ። የትኞቹ ማኅደሮች መዳን እንዳለባቸው በስም ይግለጹ። ቅጂው ተወስዶ በዓይንዎ ካላዩ ፎርማት እንዳይደረግ ይንገሩ። የሚጫነው ስርዓት ሕጋዊ ይሁን አይሁን ይጠይቁ። ፈቃድ እንዳለው ለማስመሰል የሚጫኑ «አክቲቬተር» የሚባሉ ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ ጸረ ቫይረሱን አጥፍተው የሚገቡ በመሆናቸው ተንኮል አዘል ፕሮግራም ይዘው ሊመጡ ይችላሉ። ማሽኑ ላይ የባንክ፣ የደንበኛ ወይም የቤተሰብ ምስጢር ካለ አደጋው ቀላል አይደለም።

በአራዳና በፒያሳ ከ2016 ዓ.ም ወዲህ በተካሄደው የመልሶ ማልማት ሥራ በርካታ ሱቆችና ነዋሪዎች ወደ ሌላ ስፍራ ተዛውረዋል። የዓመታት ደንበኛውን ማሽን ጠባይ የሚያውቀው ጠጋኝ እንደ ቀድሞው በሠፈር ላይገኝ ይችላል። ለአዲስ ሰው ማሽን ሲሰጥ ደግሞ በቃል የሚነገረው በወረቀት ቢሰፍር ለሁለቱም ወገን መተማመኛ ይሆናል።

አማርኛው ካልታየ

ስርዓቱ በአዲስ ከተጫነ በኋላ የሚሰማው የመጀመሪያ ቅሬታ «አማርኛው ተበላሸ» የሚል ነው። ምክንያቱ ሁለት ዓይነት ነው። ሰነዱ በ«ኒያላ» ፎንት የተጻፈ ከሆነ ፊደሎቹ ይታያሉ፤ ቅርጻቸውና የገጹ አሰላለፍ ግን ይለወጣል። ኒያላ በዊንዶውስ ቪስታ ጊዜ ከስርዓቱ ጋር አብሮ ይመጣ የነበረ ሲሆን ከዊንዶውስ 10 ወዲህ በተጨማሪነት የሚወርድ ሆኗል። በቅንብሮች ውስጥ «ኦፕሽናል ፊቸርስ» ከሚለው ክፍል የኢትዮጵያ ፊደላት ተጨማሪ ፎንትን መርጦ መጫን ይቻላል።

ሁለተኛው ዓይነት ከበድ ይላል። የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ደረጃ የተካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊትና ለዓመታት ከዚያ በኋላም የተጻፉ በርካታ ሰነዶች የላቲን ፊደላትን ቦታ ወስደው በሚሠሩ የቀድሞ የግዕዝ ፎንቶች የተዘጋጁ ናቸው። ፎንቱ ከሌለ ሰነዱ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይታያል። ሰነዱ አልጠፋም፤ የተጻፈበት ፎንት ተመልሶ ሲጫን ይነበባል። ስለዚህ ከማሻሻያ በፊት «ፎንትስ» የሚለውን ማኅደር ገልብጦ ማስቀመጥ ለጽሕፈት ቤቶች፣ ለአሳታሚዎችና የቆየ የቤተሰብ መዝገብ ላላቸው ሁሉ አስፈላጊ ነው።

ማሽኑ ለዊንዶውስ 11 ካልበቃስ?

ብቁ ያልሆነን ማሽን መስፈርቱን አልፎ እንዲጭን የሚያደርጉ ዘዴዎች አሉ። ማይክሮሶፍት ግን እንዲህ ላሉ ማሽኖች ቀጣይ ማሻሻያዎችን ለመስጠት ዋስትና እንደማይገባ አስታውቋል። ዛሬ ቢሠራ ነገ በሚመጣው ማሻሻያ ሊቆም ይችላል።

የተሻሉ ሁለት አማራጮች አሉ። የመጀመሪያው በዊንዶውስ 10 ላይ ቆይቶ ለግል ተጠቃሚዎች በተዘጋጀው የተራዘመ የደኅንነት ማሻሻያ መርሐ ግብር መመዝገብ ነው። ይህም እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም ያገለግላል። ለመመዝገብ ማሽኑ የመጨረሻው የዊንዶውስ 10 እትም ሊኖረው፣ ተጠቃሚውም የማይክሮሶፍት አካውንት ሊኖረው ይገባል። የማሽኑን ቅንብሮች ከአካውንቱ ጋር ለሚያገናኝ ሰው ያለክፍያ፣ አለበለዚያ በ30 ዶላር የሚገኝበት መንገድ ተቀምጧል።

ሁለተኛው ወደ ሊኑክስ መሸጋገር ነው። ኡቡንቱና ሊኑክስ ሚንት በነጻ የሚገኙ፣ በአሮጌ ማሽንም የሚሠሩና አማርኛን የሚጽፉ ናቸው። ለኢንተርኔት፣ ለደብዳቤና ለተማሪ ሥራ ይበቃሉ። እንደ ፒችትሪ ያለ የዊንዶውስ ፕሮግራም ለሚያስፈልገው ግን ምቹ አይደሉም።

ከመጀመር በፊት

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ የተሳካ ማሻሻያ የሚጀምረው ከዝግጅት ነው። የሚያስፈልጉ ሰነዶችን ከማሽኑ ውጭ በሌላ ዲስክ መገልበጥ፤ ከተቻለም ሁለተኛውን ቅጂ በሌላ ቤት ማስቀመጥ። ቢያንስ ከ20 እስከ 30 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ማዘጋጀት። የዋይፋይ ወይም የኔትወርክ ድራይቨሩን አስቀድሞ በፍላሽ ማውረድ፤ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔቱ ካልሠራ ድራይቨሩንም ማውረድ አይቻልምና። የሞባይል ዳታ የሚጠቀም ሰው ማሻሻያው በርካታ ጊጋባይት መሆኑን አውቆ በቂ ጥቅል መያዝ፣ አለዚያም የተሟላ የመጫኛ ፋይል ከሚታመን ቦታ በፍላሽ ማምጣት ይኖርበታል።

ከሁሉም በላይ የኤሌክትሪኩ ነገር ነው። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሞልቶ ቻርጀሩም እንደተሰካ ይጀመር። ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ቢኖር መልካም ነው፤ ከሌለ ደግሞ በሠፈሩ መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት አስተውሎ፣ በቀን፣ ባለቤቱ ባለበት መጀመር ይሻላል። ነገ የሚቀርብ ሥራ ባለበት ሌሊት ግን ማሻሻያው ይዘግይ። ዊንዶውስ ማሻሻያውን ለሳምንታት የማቆያ አማራጭ በቅንብሮቹ ውስጥ ስላለው፣ የችሎት፣ የፈተና ወይም የሒሳብ መዝጊያ ቀን እስኪያልፍ ማቆየት ይቻላል።

ማሽን ይተካል፤ ስርዓተ ክወናም እንደገና ይጫናል። የሟች እናት ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የባለጉዳይ ማስረጃ ግን ሌላ ቅጂ ከሌለው አይተካም። ኮምፒውተሩ ሲቆም «እንዴት በፍጥነት ይነሳልኝ?» ከማለት በፊት «ውስጡ ያለውን እንዴት ላውጣ?» ብሎ መጠየቅ ይቅደም።